ጀርባውን ሰጥቶ መቅዘፍ ያልወደደው ሰው

ጓደኞቼ ወንጪ ለመሄድ እቅድ ይዘዋል። ክርክሩ ስለ መኪና ወይም ስለ ምሳ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃው ላይ ምን እንሞክር የሚለው ነው። አንዱ ቆመው የሚቀዝፉትን ሰሌዳ ይመርጣል፣ ሌላዋ ካያክ ትላለች፣ ሦስተኛው ተራ ጀልባ ይበቃናል ባይ ነው። ሁላችንም ጀማሪዎች ነን። እኔ ደግሞ የእንጭኒ ልጅ ነኝ። እንጭኒ ደጋ ነው፤ ለኛ ውሃ ማለት ክረምት ሲገባ የሚሞላ፣ ልጆች እንዳይጠጉት የሚከለከሉት ወንዝ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እየተባልን ነው ያደግነው።

ለዚህ ክርክር መልስ የማገኘው ከ130 ዓመት በፊት ከሞተ ሰው ሕይወት ነው። ስሙ ጆን ማክግሬጎር ይባላል። ካያክ መቅዘፍን ለተራው ሰው መዝናኛና ስፖርት በማድረግ በዓለም ላይ ስሙ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማክግሬጎር በጥር 1825 እንግሊዝ ውስጥ ግሬቭሴንድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን ነበር። ሕፃኑ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላው ቤተሰቡ ኬንት በተባለ መርከብ ወደ ህንድ ጉዞ ጀመረ። መርከቡ ቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ ላይ በማዕበል እየተንገላታ ሳለ እሳት ተነሳበት። በዚያ በኩል ሲያልፍ የነበረ ካምብሪያ የሚባል ትንሽ መርከብ ደርሶ ከ500 በላይ ሰዎችን አተረፈ። በመጀመሪያው ጀልባ ከወጡት መካከል ያ ሕፃን ከእናቱ ጋር ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ልጅ ውሃን ፈርቶ ቢኖር ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጀልባ ወዳድ ሆነ።

ካምብሪጅ ተማረ፤ ከዚያ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። ኑሮው የተደላደለ ስለነበር ጊዜውን የሰጠው ለበጎ አድራጎት ነው። በ1851 ለንደን ታላቁን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ፣ እሱና ጓደኞቹ ለጎዳና ልጆች የጫማ ጠራጊዎች ማኅበር አቋቋሙ። በኛ ቋንቋ ሊስትሮ ማለት ነው። ልጆቹ ቀይ ደንብ ልብስ ለብሰው፣ ቦታ ተመድቦላቸው ይሠሩ ነበር፤ ከገቢያቸውም የተወሰነው በስማቸው ይቆጠብላቸዋል። ኢኮኖሚክስ ስላነበብኩ ይሆናል፣ ከሕይወቱ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ገንዘብ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ገቢና ቁጠባ የሚያስለምድ ሥርዓት መዘርጋት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በተለመደው ጀልባ ቀዛፊው ጀርባውን ለሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥቶ ይቀመጣል። የሚያየው ያለፈውን ነው፤ የሚመጣውን ድንጋይ ለማየት አንገቱን ማዞር አለበት። ማክግሬጎር ይህ አልተመቸውም። ሰሜን አሜሪካን በጎበኘበት ጊዜ የአገሬው ሰዎች ወደፊት እያዩ ሲቀዝፉ አይቷል። በ1865፣ በ40 ዓመቱ፣ ለራሱ አንዲት ጠባብ ጀልባ አሠራና ሮብ ሮይ አላት። ርዝመቷ 4 ሜትር ተኩል ያህል፣ ስፋቷ 71 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 36 ኪሎ ገደማ ነበር። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ምላስ ያለው፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ትንሽ ያለፈ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። ወደፊት እያዩ መቅዘፍን እሱ አልፈጠረውም። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ኢኑይቶች በካያክ ያድኑ የነበረው እሱ ከመወለዱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ጣና ላይም ነገደ ወይጦዎች ደንገል አስረው በሚሠሩት ታንኳ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየቀዘፉ ዓሣ ሲያጠምዱና ሰው ሲያሻግሩ ኖረዋል። የማክግሬጎር ድርሻ ለኑሮ ይሠራበት የነበረውን ጥበብ ወደ ሽርሽር ማምጣቱ ነው።

በዚያው በ1865 ክረምት ብቻውን ከቴምዝ ወንዝ ተነሳ። ሜውዝን፣ ራይንን፣ ዳኑብን፣ የስዊዘርላንድን ሐይቆች አዳርሶ በሴን ወንዝ በኩል ፓሪስ ገባ። ውሃ ባለበት ይቀዝፋል፤ ውሃ በሌለበት ጀልባዋን በባቡር ወይም በጋሪ ይጭናል። የሁለት ሦስት ወሩ ሻንጣ 4 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር! በዓመቱ የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ፤ መጽሐፉ በእጅ በእጅ ተሸጠ። በዚያው በ1866 ለንደን ውስጥ የካኑ ክለብ አቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ የክለቡ የበላይ ሆነ። ከመጽሐፍና ከንግግር ያገኘውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ሰጠ፤ ለባሕር ነፍስ አድን ጀልባዎችም ዕድሜ ልኩን ደጋፊ ነበር።

በ1868፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ለቆ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ማክግሬጎር ውስጧ መተኛት የሚቻልባት አዲስ ሮብ ሮይ ይዞ ወደኛ አካባቢ ቀረብ አለ። ገና ተመርቆ ባልተከፈተው የስዊዝ ቦይ ቀዘፈ፤ ቀይ ባሕርንና የአባይን የታችኛውን ክፍል አየ፤ ከዚያ ዮርዳኖስ ወንዝ ደረሰ። ሁላ ረግረግ አካባቢ መንደርተኞቹ ይዘውት፣ ከነጀልባው እሱ ውስጧ እንደተቀመጠ ተሸክመው ወደ ሼኩ ድንኳን ወሰዱት። በሰላም ተለቀቀ። በ1870 ለመጀመሪያው የለንደን ትምህርት ቦርድ ተመረጠ፤ በ1873 አገባ፤ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። በ1892 ቦርንማውዝ ላይ ሲያርፍ 67 ዓመቱ ነበር። በ1936 ደግሞ በርሊን ላይ ካኑና ካያክ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኑ።

እና የጓደኞቼ ክርክርስ? ሰውዬው ጀልባውን የመረጠበትን መንገድ ልብ በሉ። አራት ነገር ፈልጓል፦ የምሄድበትን ልይ፣ ዝቅ ብዬ ልቀመጥ፣ ብቻዬን ልቆጣጠረው፣ ከውሃ ሲወጣም በቀላሉ ይጓጓዝ። ይህ ለኛም ጥሩ ሚዛን ነው።

በዚህ ሚዛን ለጀማሪ የመጀመሪያው ምርጫ ላዩ ክፍት የሆነው ሰፊ ካያክ ነው። ዝቅ ብላችሁ ስለምትቀመጡ ቶሎ አይገለበጥም፤ ቢገለበጥም እግራችሁ ውስጥ አይያዝም፤ መልሳችሁ ትወጡበታላችሁ። የማክግሬጎር ዓይነት ወገብ ድረስ የሚገቡበት ጠባብ ካያክ ግን ተገልብጦ መውጣትን ላልተለማመደ አይሆንም። የሁለት ሰው ክፍት ካያክ ፈሪ ጓደኛ ላለው ይመቻል፤ ከኋላ ጠንከር ያለው ይቀመጥ። ባለ አንድ ምላስ መቅዘፊያ ያለው ካኑ ደስ ይላል፤ ቀጥ አድርጎ ለመሄድ ግን ትንሽ ልምምድ ይጠይቃል።

ቆመው የሚቀዝፉት ሰሌዳ ፎቶ ላይ ያምራል። መውደቅ ግን የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ሞቅ ባለ ውሃ ይለመድ፤ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ይሻላል። ወንጪ በ2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ይቀዘቅዛል። ሰው ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ሳይፈልግ ትንፋሹን ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ትንሽ ሲቆይ ደግሞ እጁ አልታዘዝ ይላል። ዋና የሚችልም ሰው የሚሰጥመው በዚህ ነው። የጎማ ጀልባን በሚናወጥ ወንዝ ላይ ማስኬድ ደግሞ ያለ ባለሙያ አይታሰብም።

ከማክግሬጎር የማልወስደው አንድ ነገር አለ፤ ብቻውን መሄዱን። እሱ በልጅነቱ ጀልባ የለመደ ሰው ነበር። እኛ ብዙዎቻችን ዋና እንኳን አልተማርንም። ስለዚህ ጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሳ ጀምሩ። ዳር ዳሩን ሂዱ። ወደ ቂርቆስ ደሴት ለመሻገር አካባቢውን የሚያውቁት ባለ ጀልባዎች አሉ፤ በነሱ ተሻገሩ፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን ዋጋው ግማሽ ቢሆን፣ ነፃ ቢሆን እንኳን አትውጡ። ጃኬቱ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ለፎቶ የሚሆን አይደለም፤ ቁልፉ ይቆለፍ፣ ትከሻው ላይ ሲጎተት ወደ ላይ አይውጣ።

የዚያን ሕፃን ነፍስ ያተረፉት ጀልባ ይዘው በጊዜ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ሲያድግ ውሃን አልሸሸም፤ ግን ለነፍስ አድን ጀልባ ገንዘብ መስጠትም አልተወም። ውሃን መውደድና ውሃን ማክበር አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ለጓደኞቼ የምሰጠው ድምፅም ይኸው ነው፦ ክፍቱ ካያክ፣ ጠዋት፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ጃኬቱ ተቆልፎ።