ወንዝ ዳር የተፈተነ ዶክትሬት

በዛሬው የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የምናነሣቸው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እንዶድ ነው። መምህር እንደነበሩ ግን እንዘነጋለን። እኛ ደግሞ ለመምህርነት የምንሠለጥንና የምናሠለጥን ነንና በዚህ በኩል እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን አሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት በቁ። ዲግሪውን ይዘው እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን አገራቸው ተመልሰው ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ያዙ።

በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ዓድዋ ወረዱ። ቢልሃርዚያ ለእኛ ለጨፋ ሮቢት ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ በከሚሴና በቦርከና አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ሲወጣ ደግሞ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

ታዲያ ዓድዋ ላይ ምን አዩ? ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በዚያ ስንቱ ሰው አልፎ ይሆን! እርሳቸው ግን አላለፉም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ዕቃ ውስጥ አድርገው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ዶክትሬት ማለት ይኸው ነው እንላለን፤ ያዩትን መጠየቅ፣ የጠየቁትን መፈተን፣ የፈተኑትን መቁጠር። እንዶድን ራሱን ግን ከዩኒቨርሲቲ አላመጡትም። የእናቶቻችን ሳሙና ነው። ትምህርታቸው የረዳቸው እናቶች በእጃቸው የያዙትን ነገር አስተውለው እንዲያዩ ነው።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው ለ10 ዓመት ያህል መሩት። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ብዙ ዓይነት እንዶድ አወዳድረው የተሻለውን መረጡ።

ይህን ያህል ከተሠራ በኋላ ነገሩ አለቀ እንዳትሉ። አፍሪካ ውስጥ በአፍሪካውያን የተሠራ ጥናት በቀላሉ አልታመነም። እንደገና ይፈተን፣ በሌላ አገር ላቦራቶሪ ይረጋገጥ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ከውጭ የሚመጣው የቀንድ አውጣ መርዝ ውድ ነው፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ዶክተር አክሊሉን ያስቆጫቸው ይህ ነበር። ቢሆንም በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ። ኢንስቲትዩቱም በስማቸው ተሰየመ።

እውነቱን ለመናገር እንዶድ የታሰበለትን ያህል አልተስፋፋም። ዛሬ ለተማሪዎች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል በሽተኛውን ያክማል፤ ወንዙን ግን አያጸዳም። ልጁ ታክሞ ተመልሶ እዚያው ውሃ ይገባል። ስለዚህ ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው።

በመካከላችን ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪም እስከ ዶክትሬት ለመዝለቅ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። እሰየው! ደመወዝ ይጨምራል፣ ስምም ያስጠራል፤ ይህንንም አንንቅም። ነገር ግን ትምህርቱ መምህሩን የሚያሻሽለው ተመልሶ ተማሪዎቹ ከሚጠጡት፣ ከሚዋኙበትና ከሚያጥቡበት ውሃ አጠገብ ሲያቆመው ነው። ለልምምድ የምንወጣ ሠልጣኞች ስለ ቀንድ አውጣ ስናስተምር ሥዕሉን ከመጽሐፍ ብቻ አንገልብጥ። ተማሪዎቻችን ውሃው ውስጥ ሳይገቡ፣ ከዳር ቆመው ያዩትን ይንገሩን፤ እናቶቻቸው በምን እንደሚያጥቡም ጠይቀው ይምጡ። ከነሱ መካከል ሌላ አክሊሉ እንደሌለ በምን እናውቃለን?