ዐፄ ልብነ ድንግል፦ ሰንጠረዥና ካርታ ተጫዋቹ ንጉሥ

ከሮቢት ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው አምባሰልን ያገኛል። በቆቦ በኩል ወደ ሰሜን የወጣም ወፍላና አሸንጌ ሐይቅ ይደርሳል። የዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ላይ ትልልቅ ምልክቶቹን ጥሏል። በአንደኛው ንጉሡ ራሳቸው ተሸንፈዋል፤ በሁለተኛው ደግሞ እርሳቸው ያስጠሩት የባሕር ማዶ ጦር፣ እርሳቸው ካለፉ በኋላ ተሸንፎበታል።

ልብነ ድንግል አባታቸውን ዐፄ ናዖድን ተክተው በ1500 ዓ.ም. ሲነግሡ ገና የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) አገሩን በሞግዚትነት ያስተዳደሩት ከሐድያ ገዥዎች ቤት የተወለዱት እቴጌ እሌኒ ናቸው። እሌኒ ዐዋቂና አርቆ አሳቢ ሴት ነበሩ። የኦቶማን ቱርክ ኃይል በቀይ ባሕር በኩል እየተጠጋ መሆኑን ተመልክተው፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። የእሌኒ ስሌት ግልጽ ነበር፤ ጠላት ሳይበረታ ወዳጅ ማበጀት።

ወጣቱ ንጉሥ ጨዋታ ይወዱ ነበር። በዚያው ዘመን በቬኒስ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቃል የተሰበሰበ የጉዞ ማስታወሻ፣ ቢቺኒ የተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ በቤተ መንግሥቱ እንደነበረና ከንጉሡ ጋር ሰንጠረዥና ካርታ ይጫወት እንደነበር ይናገራል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ከውጭ ሰው ጋር ካርታ ሲጫወቱ ከተገለጸባቸው ጥንታዊ መረጃዎች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለቱ ጨዋታዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በአገራችን ሰንጠረዥ ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ፣ ደሩና መደቁ ሁሉ በገበታው ላይ በግልጥ ይታያሉ። ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ስለዚህ የጠላትን አሰላለፍ እያዩ የራስን መለወጥ ይቻላል። የተሸነፈ ሰው የሚያመካኝበት ነገር የለውም። ካርታ ግን የባላጋራን እጅ ይሸሽጋል። ዕጣም አለበት። ስለዚህ ደካማ ተጫዋች አንዳንድ ቀን ያሸንፋል፤ ጎበዙም ይሸነፋል። ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው በዚህ ነው፤ በዕድል ያሸነፈ ሰው በችሎታው ያሸነፈ ይመስለዋል።

የልብነ ድንግልም ዕጣ ይህ ሆነ። በ1509 ዓ.ም. ለብዙ ዓመታት ድንበሩን ሲያስጨንቅ የኖረውን ማሕፉዝን ጦር ደመሰሱ፤ ማሕፉዝም ተገደለ። በዚያው ወቅት የፖርቱጋል መርከቦች የዘይላን ወደብ መትተው አቃጠሉ። ንጉሡ ገና የሃያ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ የጠላት ጉዳይ ያለቀ መሰላቸው። በ1512 ዓ.ም. እሌኒ የጠየቁት የፖርቱጋል ልዑክ ሲደርስ፣ የእርዳታው ጥድፊያ በቤተ መንግሥቱ በርዷል። ልዑኩ ስድስት ዓመት ያህል ቆየ፤ የረባ የጦር ስምምነት ግን አልተቋጨም።

ንጉሡ ግን አስተዋይነት አላነሳቸውም። የልዑኩ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ትቶት በሄደው ታላቅ መጽሐፍ እንደምናነበው፣ ስለ ጠመንጃና ስለ ጥሩር አጥብቀው ጠይቀዋል፤ እንግዶቹን በሰይፍ አጋጥመው ስልታቸውን ተመልክተዋል። የዓለም ካርታ ሲቀርብላቸው ፖርቱጋል ትንሽ መሆኗን አይተው፣ ቀይ ባሕርን ብቻዋን ልትጠብቅ እንደማትችል ወዲያው ተረድተዋል። ችግሩ ማወቅ አልነበረም። ያወቁትን በሠራዊታቸው ላይ አላዋሉትም።

ዛሬ በኢንተርኔት በገንዘብ የሚካሄደውን ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ በጥናት የሚይዙ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። እያንዳንዱን ጨዋታ ይመዘግባሉ፤ በማግስቱ የተሸነፉበትንም ያሸነፉበትንም እኩል ይመረምራሉ። ጥያቄያቸው ገንዘቡ ወዴት ሄደ የሚል አይደለም፤ በዚያች ሰዓት በነበረኝ መረጃ የወሰንኩት ትክክል ነበርን የሚል ነው። ከሚበልጧቸው ጋር ይመካከራሉ፤ በኮምፒውተር ስሌት ያመሳክራሉ፤ ለጨዋታው የለዩትን ገንዘብ ካለቀ ከቤት ወጪ አይነኩም። (እንዲህ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዛው ተጫዋች ያጣውን ለማስመለስ እየተጣደፈ ቤቱን ያራቁታል።) የቆላው ገበሬ ይህን ልዩነት ለመረዳት ካርታ አያሻውም። ማሽላውን ያለ ጊዜው ዘርቶ ድንገት ዝናብ የደረሰለት ሰው ጎተራው ሞልቶ ይሆናል፤ በከርሞው ግን በዚያው ልማድ ቢዘራ ዘሩን ያጣል።

ከማሕፉዝ ሞት በኋላ የ1509ን ድል እንዲህ የመረመረ አልተገኘም። በ1521 ዓ.ም. መጋቢት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በሽምብራ ኩሬ ገጠሙ። የንጉሡ ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን የኢማሙ ሠራዊት በሥርዓት የታነጸ ነበርና ድሉ የኢማሙ ሆነ። የደከመው የኢማሙ ጦር ወደ አገሩ ስለተመለሰ፣ ለንጉሡ ሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ተረፈላቸው። በእኔ ግምት የዘመናቸው ሚዛን ያዘነበለው ከሽምብራ ኩሬው ቀን ይልቅ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው፤ አሰላለፉም መሣሪያውም እንደ ቀድሞው ቆየ። ኢማሙ በ1523 መድፍ ይዘው ሲመለሱ የንጉሡ ሠራዊት በአንጾኪያ በድምፁ ተሸበረ። በ1524 መጀመሪያ አምባሰል ላይ ንጉሡ ራሳቸው ለጥቂት ከመማረክ አመለጡ።

ከዚያ ወዲያ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ የሚሳደዱ ንጉሥ ሆኑ። ልጃቸው ፊቅጦር ተገደለ፤ ሚናስ ተማረከ። በ1527 ዓ.ም. ዦዋዎ ቤርሙዴዝን ወደ ፖርቱጋል ልከው እርዳታ ለመኑ፤ በእጃቸው ሳለ ያልያዙትን ወዳጅነት መልሰው መጠየቃቸው ነበር። መልሱን ሳያዩ መስከረም 1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ አረፉ። አራት መቶ ፖርቱጋላውያን በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ እየተመሩ ምጽዋ የደረሱት ከዚያ ጥቂት ወራት ዘግይተው ነው።

ዳ ጋማ በ1534 ኢማሙን በመጀመሪያዎቹ ውጊያዎች አሸነፉ። ኢማም አሕመድ ግን ሽንፈታቸውን መረመሩ፤ ከዘቢድ የቱርክ ጠመንጃ ያዦችና መድፎች አስመጥተው በዚያው ዓመት መጨረሻ በወፍላ መልሰው ገጠሙ። የፖርቱጋሎቹ ጦር ተሰበረ፤ ዳ ጋማም ተማርከው ተገደሉ። ከዚህ ድል በኋላ ኢማሙ አብዛኛውን የቱርክ ጦር አሰናበቱ።

የልብነ ድንግል ልጅ ዐፄ ገላውዴዎስ ከአባታቸው የወረሱት የተበተነ ሠራዊት ነበር። ትልቅ ውጊያ ሳይቸኩሉ፣ ከወፍላ የተረፉትን ፖርቱጋላውያን ጠብቀው፣ ለሞቱት ወገኖቻቸው ሊበቀሉ የሚሹትን ሰብስበው፣ በ1535 ዓ.ም. የካቲት በወይና ደጋ ኢማሙን ገጠሙ። ኢማም አሕመድ በዚያ ወደቁ። ገላውዴዎስም ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1551 ዓ.ም.፣ ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ በጦር ሜዳ ሞቱ።