ብስክሌተኛው ቁልፍ ሠሪ ኧዤን ክሪስቶፍ

የብስክሌት ውድድር ወሬ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ አሸናፊው ነው። ዋንጫ ስለወሰደው፣ ፓሪስ በጭብጨባ ስለገባው፣ ፎቶግራፉ በጋዜጣ ስለወጣው። በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ግን ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው የፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር ከ1906 እስከ 1925 ባሉት ዓመታት 11 ጊዜ ተሰልፎ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ይሁን እንጂ በዚያ አገር ብስክሌት የሚወድ ሽማግሌም ሆነ ልጅ ስሙን ያውቀዋል። (እዚህ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።)

ኧዤን ክሪስቶፍ በጥር ወር 1885 በፓሪስ ጥግ ባለችው ማላኮፍ በምትባል የሠራተኞች ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ የገባበት ሥራ ቁልፍ ሠሪነት ነበር። ብረት መሞረድ፣ ማጠፍ፣ መብሳትና መግጠም የተማረው በዚያ ነው። ይህ የእጅ ሙያ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ያን ጊዜ ማን ያውቃል? ብስክሌቱን የጀመረው ከሥራ በተረፈችው ሰዓት ሲሆን፣ እያደር ግን እንጀራው ሆነ።

ሰውየው ምን ዓይነት ጽናት እንደነበረው ለመረዳት የ1910ን የሚላኖ–ሳን ሬሞ ውድድር ማየት ይበቃል። ጊዜው የሚያዝያ መግቢያ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ቱርኪኖ በሚባለው ተራራ ላይ ሳሉ በረዶው ወረደባቸው። መንገዱ ጠፋ፣ ጣቶች ደነዘዙ፣ ብዙዎች እያለቀሱ ተመለሱ። ክሪስቶፍም ሆዱን ቁርጠት ይዞት ከመንገድ ዳር ቆሞ ሳለ፣ የአንድ ማረፊያ ቤት ባለቤት ወደ ቤቱ አስገብቶ አሞቀው፣ ደረቅ ልብስም ሰጠው። ትንሽ ነፍስ ሲዘራ እንደገና ወጣ። ከተነሡት 63 ሰዎች ውስጥ ጨርሰው በውጤት መዝገብ የገቡት 4 ብቻ ሲሆኑ አንደኛው እሱ ነበር። ከ12 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ሆስፒታል ተኛ። ይህን እንግዲህ ድል ብለው ነው የሚጠሩት!

በ1912ቱ ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ምዕራፎችን በተከታታይ አሸነፈ። ከሻሞኒ ወደ ግሬኖብል በተደረገው ጉዞ 315 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ቀድሞ ሄዷል። ነገር ግን በዚያ ዘመን አሸናፊው የሚለየው በሰዓት ሳይሆን በየዕለቱ ደረጃ በሚሰጥ ነጥብ ስለነበር ቤልጅጉ ኦዲል ደፍራይ አንደኛ ወጣ፣ ክሪስቶፍ ሁለተኛ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት አዘጋጆቹ ሕጉን ለውጠው በሰዓት እንዲቆጠር አደረጉ። ለክሪስቶፍ የሚመች ሕግ መጣ ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱም 1913 ነበር።

የዚያን ዓመት ስድስተኛው ምዕራፍ ከባዮን ተነሥቶ በፒሬኔ ተራሮች አቋርጦ ሉሾን የሚገባ 326 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ተወዳዳሪዎቹ የተነሡት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በጨለማ ነው። መንገዱ አስፋልት እንዳይመስላችሁ፤ ኮረኮንችና አቧራ ነው። ብስክሌቱም ማርሽ መቀየሪያ አልነበረውም፤ ዳገት ሲመጣ ተወርዶ የኋላውን ጎማ አውልቆ በማገላበጥ ካቴናውን በሌላ ጥርስ ላይ ማዋል ነው። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ኦቢስክን፣ ቀጥሎም 2,115 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱርማሌን፣ ከዚያም አስፔንንና ፔይረሱርድን በአንድ ቀን መውጣትና መውረድ ነበረባቸው። ቱርማሌ በውድድሩ ውስጥ ከገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

ያን ቀን የአጠቃላይ ውድድሩ መሪ የነበረው ደፍራይ በዳገቱ ደክሞ ወደ ኋላ ቀረ። ክሪስቶፍ ደግሞ ከቤልጅጉ ፊሊፕ ቲስ ቀጥሎ ቱርማሌ ጫፍ ደረሰ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሉሾን በደህና ከገባ የውድድሩ መሪ እሱ ነው። ጎማውን አገላብጦ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ብዙም ሳይወርድ መሪው በእጁ ውስጥ ዋለለ። ዝቅ ብሎ ቢያይ የፊት ጎማውን የያዘው የብረት ሹካ ተሰብሯል።

በዛሬው ውድድር ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ከኋላ የሚከተለው መኪና ይደርሳል፣ ሌላ ብስክሌት ይወርዳል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ጉዞ ይቀጥላል። በዚያን ጊዜ ግን የውድድሩ መሥራችና ሎቶ የተባለው ጋዜጣ ኃላፊ ኦንሪ ደግራንዥ ያወጣው ሕግ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ተወዳዳሪው በጀመረበት ብስክሌት መጨረስ አለበት። ከተበላሸም ራሱ ይጠግናል፤ የሰው እጅ እንዳይነካበት። ደግራንዥ ይህን ሕግ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ትልልቆቹ የብስክሌት ፋብሪካዎች በገንዘባቸው ረዳት እያሰለፉ ድሉን እንዳይገዙት፣ የሚለካው የሰውየው ጉልበትና ብልሃት ብቻ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። ሐሳቡን ክፉ ነው ማለት አይቻልም።

ክሪስቶፍ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ የወለቀውን ጎማ በእጁ ይዞ በእግሩ መውረድ ጀመረ። በዳገቱ ላይ የቀደማቸው ሁሉ አንድ በአንድ እያለፉት ወረዱ። ላይኛው ገላጣ የግጦሽ ቦታ ነው፤ ዝቅ ሲሉ የጥድ ደን ይጀምራል፣ ከደኑ በታች የካምፓን ሸለቆ በጥቁር የድንጋይ ጠፍጣፋ በተከደኑት የድሮ ቤቶቹ ይታያል። ለቬርሳይ ቤተ መንግሥት ዕብነ በረድ ከተወሰደባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ሸለቆ ነው። ክሪስቶፍ ግን ይህን ለማየት ዓይን አልነበረውም፤ እያለቀሰ ነበር የሚወርደው። ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሲጓዝ ቆይቶ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ደረሰ። የቱርማሌና የአስፔን መንገዶች የሚገናኙባት ትንሽ መንደር ናት። እዚያም ቀጥቃጭ ቤት መኖሩን አንዲት ልጅ አሳየችው።

ቀጥቃጩ ደግ ሰው ነበር፤ ልሥራልህ አለው። አይሆንም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ከውድድሩ የመጡት ተቆጣጣሪዎች በበሩ ላይ ቆመው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ይመለከታሉ። ቀጥቃጩ በአፉ ሊያስረዳ ይችል እንደሆነ እንጂ በእጁ አይነካም። እንግዲህ የቁልፍ ሠሪው የልጅነት ሙያ የተፈለገው በዚህ ሰዓት ነው። ክሪስቶፍ ለክፍተቱ የሚሆን የብረት ቱቦ መርጦ ቆረጠ፣ በፍም ውስጥ ጨምሮ አጋለ፣ በመስፍ ላይ አድርጎ ቀጠቀጠ፣ በሳ፣ ሞረደ፣ ገጠመ። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ርቦት ምግብ ፍለጋ ወጣ ለማለት ሲያመነታ፣ ክሪስቶፍ የከሰሉን ክምር አሳይቶ እሱን እንዲበላ መከረው ይባላል። እውነቱን ነው፤ እንደ እስረኛ የሚጠብቁት ከሆነ እነሱም እንደ እስረኛ ይቆዩ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። በአንድ እጅ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ፣ በሌላው መዶሻ አንሥቶ፣ በየትኛው እጅ ወናፍ ይነፋል? ብረቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሥራው ከንቱ ነው። ስለዚህ በቤቱ የነበረ አንድ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ወናፉን ነፋለት። ተቆጣጣሪዎቹም ይህን ጻፉ። የሰው ርዳታ ተቀብለሃል ተብሎ 10 ደቂቃ ቅጣት ተጨመረበት። በኋላ ወደ 3 ደቂቃ ዝቅ ብሏል።

ውድ እጩ መምህራን፣ እስቲ ራሳችሁን በዳኞቹ ቦታ አስቀምጡት። በነገው ሥራችሁ ይህን የመሰለ ጉዳይ ጠረጴዛችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ሕግ የወጣው ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው፤ ለአንዱ ዓይን ከጨፈኑለት ለሌላው ምን ይባላል? ይህ የዳኞቹ ክርክር ነው፣ ውሃ የሚያነሣ ክርክር። ሆኖም ሕጉ የወጣው በገንዘብ የሚገዛ ርዳታን ለመከልከል ከሆነ፣ ይህች የልጅ ወናፍ ከየትኛው ፋብሪካ ካዝና ወጣች? በጸሐፊው አስተያየት ዳኞቹ የሕጉን ቃል ጠብቀው የወጣበትን ምክንያት ረስተዋል። ቅጣቱን መቀነሳቸውም እነሱም ሳያፍሩ እንዳልቀሩ ያሳያል። ደግሞስ አራት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ወደ ኋላ ለቀረ ሰው ሦስት ደቂቃ ምን ይጨምራል፣ ምንስ ይቀንሳል? የሚያመው ሌላ ነገር ነው። ሥራው ሁሉ የራሱ ሆኖ ሳለ በመዝገቡ ላይ ሰው ረድቶታል ተብሎ መጻፉ።

ብስክሌቱ ተሠራ። ክሪስቶፍም አስፔንንና ፔይረሱርድን ወጥቶ በዚያው ምሽት ሉሾን ገባ፤ ከአሸናፊው ከቲስ በኋላ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ። ውድድሩን አላቋረጠም። በ7ኛ ደረጃ ፓሪስ ገባ። አጠቃላይ አሸናፊው ቲስ ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ከውድድሩ የቀድሞ አሸናፊዎች መካከል ፋበር፣ ላፒዝና ፔቲ ብረቶን በጦርነቱ ዘመን አለቁ። ውድድሩ በ1919 ሲቀጥል መንገዶቹ ፈራርሰው፣ ጎማና ዘይት እንኳ ጠፍቶ ነበር። ከ67 ተነሺዎች ውስጥ ለውጤት የበቁት 10 ብቻ ናቸው። ክሪስቶፍ 34 ዓመት ሆኖታል፤ ይመራል። የውድድሩ መሪ ከሩቅ እንዲለይ ቢጫ ማሊያ የተሰጠው በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር በግሬኖብል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ለባሽ ክሪስቶፍ ነው። ቢጫ የሆነው ሎቶ ጋዜጣ በቢጫ ወረቀት ይታተም ስለነበር ነው። በየመንገዱ የቆመው ሕዝብ ግን እንደ ቢጫ ወፍ አድርጎ ሳቀበት፤ እሱም ብዙም አልወደደውም። ዛሬ ያቺን ማሊያ ለመልበስ የማይከፈል ዋጋ የለም!

ሊያልቅ ሁለት ምዕራፍ ሲቀረው ክሪስቶፍ ከተከታዩ ከፊርሚን ላምቦ ወደ 28 ደቂቃ ይቀድም ነበር። ከሜትዝ ወደ ደንከርክ በሚወስደው 468 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ቫላንሲየን አጠገብ፣ በጥርብ ድንጋይ በተነጠፈው መንገድ ሹካው እንደገና ተሰበረ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላል የአገራችን ሰው። በአቅራቢያው በነበረ አንድ የብስክሌት መሥሪያ ቦታ ገብቶ አሁንም በእጁ ጠገነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠፋበት። ላምቦ አሸነፈ፣ ክሪስቶፍ 3ኛ ወጣ። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። ጋዜጣው መዋጮ ቢከፍት ሀብታሙም ድኻውም ያለውን እየላከ ከ13,000 ፍራንክ በላይ ተሰበሰበ። የአሸናፊው ሽልማት 5,000 ፍራንክ ነበር። በ1922 በጋሊቢዬ ተራራ ቁልቁለት ላይ ሹካው ለሦስተኛ ጊዜ ተሰብሯል። ይህን ብንዘረዝረው ቀልድ ይመስላል።

በሌሎች ውድድሮች ግን ዕድል ፊቷን አላዞረችበትም። ቦርዶ–ፓሪስን በ1920 እና በ1921 አሸንፏል፤ ፓሪስ–ቱርንም በ1920። በጭቃና በጫካ ውስጥ በሚደረገው የብስክሌት ውድድር ሰባት ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። የመጨረሻውን ቱር ደ ፍራንስ በ1925 በ40 ዓመቱ ተወዳድሮ 18ኛ ሆነ። በፔዳል ላይ የእግር ጣት የሚገባባት የብረት ማቀፊያ ለብዙ ዓመታት በስሙ ተሠርታ ትሸጥ ነበር፤ ስለ ሰውየው ምንም ያልሰሙ ብስክሌተኞች ስሙን እግራቸው ሥር ይዘው ዞረዋል።

በሽምግልናው ወደ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ተመልሶ ሄዶ ነበር። የቀጥቃጭ ቤቱ ግድግዳ ላይ የዚያን ቀን ሥራውን የሚያስታውስ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ዛሬ በመንደሯ ሐውልት ቆሞለታል፣ ቱርማሌን የሚወጡ ብስክሌተኞችም ወርደው ያዩታል። ኧዤን ክሪስቶፍ በ1970 በየካቲት ወር መጀመሪያ በ85 ዓመቱ ዐረፈ።