ቶም ሲምፕሰን፡ ተራራው ላይ የቀረው ብስክሌተኛ

ቦምቤ ውስጥ ኳስ በሚታይበት ቤት፣ ከጨዋታው በፊት የብስክሌት ውድድር ስክሪኑ ላይ ከመጣ ሳቅ ይበዛል። የወላይታ ዲቻም የአርሰናልም ደጋፊ እዚህ ላይ አንድ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ተወግቶ ነው እንጂ በጤናው እንዲህ ዳገት አይወጣም ባይ ነው። አይፈረድበትም። ላንስ አርምስትሮንግ በ2012 (እ.ኤ.አ) ሰባት የቱር ደ ፍራንስ ዋንጫ ከተነጠቀ በኋላ ማን ማንን ያምናል? ነገሩ ግን ከአርምስትሮንግ በፊት ብዙ ዕድሜ አለው። ወደኋላ ሲኬድ እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ይገኛል።

ሲምፕሰን በ1937 ሃስዌል በምትባል መንደር ከከሰል ማዕድን ሠራተኛ ተወለደ። ገና በ19 ዓመቱ በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ በቡድን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ያ ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያም የመጀመሪያዋ ነበር፤ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ባንዲራችንን ይዘው የወጡት እዚያው ነው።

በ1959 እንጀራውን ፍለጋ ፈረንሳይ ገባ። በ1962 በቱር ደ ፍራንስ ቢጫ ማልያ የለበሰ የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ሆነ። በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን አገሩ በሙሉ አወቀው። በዓመቱ መጀመሪያ ግን በረዶ ላይ ሲንሸራተት እግሩ ተሰበረ። የሻምፒዮንነቱ ዓመት፣ ገንዘቡም ጭምር፣ እንዲሁ ባከነ።

በዚያን ጊዜ በብስክሌተኞች ዘንድ አምፌታሚን የሚባለውን አበረታች መድሃኒት መዋጥ የተለመደ ነበር። ፈረንሳይ በ1965 በሕግ ከለከለችው። በ1966 በቱር ላይ ምርመራ ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ ከብስክሌታቸው ወርደው እየገፉ በመሄድ ተቃወሙ። ዛሬ ተመልካቹ የሚጠረጥረው ያኔ በግላጭ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ሐምሌ 13 ቀን 1967 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ሞን ቫንቱ ተራራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። ሲምፕሰን ቀደም ብሎ ሆዱን ታምሟል፤ ለቀጣዩ ዓመት ኮንትራት ግን ጥሩ ውጤት የግድ ያስፈልገዋል። ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገዱ ላይ ይወላገድ ጀመር። ወደቀ። አንስተው መልሰው ብስክሌቱ ላይ አስቀመጡት። ጥቂት መቶ ሜትር ሄዶ ዳግመኛ ወደቀ፣ አልተነሳም። በሄሊኮፕተር አቪኞን ሆስፒታል ቢወሰድም አልተረፈም። 29 ዓመቱ ነበር። በምርመራ አምፌታሚንና አልኮል በሰውነቱ ውስጥ ተገኘ፤ ከሙቀቱና ከድካሙ ጋር ተደምሮ ገደለው።

በ1968 በቱር ደ ፍራንስ ምርመራው ጠበቀ። መድሃኒቱ ግን አልጠፋም፣ ዓይነቱን ቀየረ እንጂ።

መጠርጠር የደጋፊ መብት ነው። ሲምፕሰንም ንጹህ ነበር የሚል የለም። ሆኖም ታሞም መውጣት አለበት ያሰኘው ኮንትራት የእሱ ብቻ ሥራ አልነበረም፤ ከመንገድ ዳር በርታ እያልን የምናጨበጭበውም አለንበት። የወደቀበት ቦታ ላይ ሐውልት ቆሞለታል። ዳገቱን በብስክሌት የሚወጡ ሰዎች የውሃ ኮዳቸውንና ኮፍያቸውን እዚያ ትተው ያልፋሉ። ምን እንደዋጠ ያውቃሉ፤ አልሳቁበትም።