አንሪ ለ ሻተልዬ

አንሪ ሉዊ ለ ሻተልዬ (ኦክቶበር 8 ቀን 1850 – ሴፕቴምበር 17 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅና መሐንዲስ ነበር። ተማሪዎች ስሙን የሚያውቁት በኬሚካዊ ሚዛን መርሁ ነው። ቁሶችን እያሞቁ ውስጣዊ ለውጣቸውን የመከታተል ዘዴን፣ ማለትም የሙቀት ትንተናን፣ ከጀመሩትም አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ለ ሻተልዬ የተወለደው በፓሪስ ነው። አባቱ ሉዊ በባቡር ሐዲድና በአሉሚኒየም ሥራ የታወቀ መሐንዲስ ነበር። በ1869 ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ፤ ከዚያም በፓሪስ የማዕድን ትምህርት ቤት ተማረ። በ1877 በዚሁ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ሲሚንቶ እንዴት እንደሚጠነክርና የከሰል ማዕድን ጋዝ እንዴት እንደሚፈነዳ አጥንቷል። በ1884 መርሁን አቀረበ፦ በሚዛን ላይ ያለ ሥርዓት ሙቀቱ፣ ግፊቱ ወይም የንጥረ ነገሮቹ መጠን ሲቀየርበት፣ ለውጡን ወደሚያቃልል አቅጣጫ ይሄዳል።

የሙቀት ትንተና

በዘመኑ የምድጃን ከፍተኛ ሙቀት በትክክል መለካት ከባድ ነበር። ለ ሻተልዬ ከፕላቲነምና ከፕላቲነም-ሮዲየም ሽቦዎች አስተማማኝ ቴርሞካፕል ሠራ። በ1887 ሽቦውን በሸክላ አፈር ውስጥ አድርጎ አፈሩን እያሞቀ፣ የሙቀቱን አካሄድ በእኩል የጊዜ ልዩነት በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ በብርሃን ምልክት መዘገበ። አፈሩ ሙቀት ሲስብ ምልክቶቹ ይቀራረባሉ፤ ሙቀት ሲለቅ ይራራቃሉ። በዚህም የሸክላ ዓይነቶችን መለየት ቻለ። በ1899 እንግሊዛዊው ዊልያም ሮበርትስ-ኦስተን ናሙናውን ከማይለወጥ ቁስ ጋር እያነጻጸረ በመለካት ዘዴውን አሻሻለው።

የአሞኒያ ሙከራ

በ1901 ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አዋሕዶ አሞኒያ ለመሥራት ሞከረ። በመሣሪያው ውስጥ አየር በመግባቱ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ፤ ረዳቱም ለጥቂት ከሞት ተረፈ። ለ ሻተልዬ ሙከራውን ተወው። በኋላ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ተሳካለት። ለ ሻተልዬ ይህን ዕድል ማሳለፉ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይቆጨው ነበር።

ከሸክላ ወደ ፀጉር

በ1907 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ከሞተ በኋላ ዘዴው ለፕላስቲክ፣ ለመድኃኒትና ለሰው ፀጉርም ዋለ። ዛሬ ጥቂት ሚሊግራም ፀጉር በካሎሪሜትር ሲሞቅ፣ መጀመሪያ በውስጡ ያለው ውኃ ይተናል። ወደ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደግሞ ለፀጉር ጥንካሬ የሚሰጠው የኬራቲን ጥምዝምዝ ቅርጽ ይፈርሳል። ፀጉሩ በውኃ ተነክሮ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ከሞቀ ግን ይህ ለውጥ ወደ 150 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። እርጥብ ፀጉርን በፒያስትራ መተኮስ ይበልጥ የሚጎዳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በተጎዳ ፀጉር ውስጥ የሚፈርሰው ጤናማ ቅርጽ አስቀድሞ ስለቀነሰ፣ ፀጉሩ በዚያ ደረጃ የሚስበው ሙቀት ያንሳል። ተመራማሪዎች የጉዳቱን መጠን የሚገምቱትም ከዚህ ልዩነት ነው።