ቱዋንኩ ኢማም ቦንጆልና የእናቶች ሕግ

በአባቶቻችን ስም ለምንጠራ ለእኛ እንግዳ የሚመስል ሕግ በሱማትራ ደሴት፣ በምዕራቡ ደጋ ይገኛል። በዚያ የሚኖረው የሚናንግካባው ሕዝብ ዘሩን የሚቆጥረው በእናቱ ነው። የቀድሞው ርስትና ታላቁ ቤት ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል፤ ባል በሚስቱ ቤት እንደ እንግዳ ይቈጠራል፤ ርስቱን የሚጠብቀውና ልጆቹን የሚመክረው የእናታቸው ወንድም ነው። ሕጉን ያቆሙት ዳቱክ ከቱማንጉንጋንና ዳቱክ ፐርፓቲህ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው ይባላል። አፈ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ አባታቸው ልዩ ልዩ፣ እናታቸው ግን አንዲት መሆኗ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል።

እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ይህ ሕግ ሊጠፋ በተቃረበበት ዘመን ስለ ኖሩት ሰው ነው። ቱዋንኩ ኢማም ቦንጆል በ1772 ተወለዱ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ1803 ገደማ ሦስት ሐጂዎች ከመካ ተመልሰው ቁማሩን፣ የዶሮ ውጊያውን፣ የአገሩንም ልማድ አወገዙ። በእስልምና ሕግ ልጅ አባቱን ይወርሳል፣ ወንዱም የሴቲቱን እጥፍ ያገኛል፤ የእናቶች ርስት ከዚህ ጋር እንዴት ይስማማ? ፓድሪ የተባሉት የሐጂዎቹ ተከታዮች ጦር አነሡ። ኢማሙም ከመሪዎቻቸው አንዱ ሆነው ቦንጆልን ምሽግ አደረጉ። መንደሮች ተቃጠሉ፤ ከንጉሡ ቤተ ሰቦችም ብዙዎች ተገደሉ። የልማዱ ባላባቶች ቢጨንቃቸው በ1821 ከሆላንዶች ጋር ተዋዋሉ፤ በእኔ አስተያየት እሳትን በእሳት ለማጥፋት እንደ መሞከር ነበር።

ኢማሙ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ከውጊያቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ትክክለኛውን ትምህርት እንዲጠይቁ መልእክተኞችን ወደ መካ ላኩ። እነዚህም ተመልሰው የወሃቢዎች ኃይል እንደ ተሰበረና በዚያ የሚሰጠውም ትምህርት እንደ ተለወጠ ነገሯቸው። አሸናፊ መሪ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይደብቀዋል። እርሳቸው ግን ባላባቶችንና የሃይማኖት መምህራንን ሰበሰቡ፤ የተዘረፈው ንብረት ለባለቤቱ እንዲመለስ አዘዙ፤ የልማድ ጉዳይ ለባላባቶች፣ የሃይማኖት ጉዳይ ለመምህራን እንዲሆን ወሰኑ። ቀድሞ ጠላቶች የነበሩት ሁለቱ ወገኖችም በአንድነት በሆላንዶች ላይ ተነሡ።

ዕርቁ ግን ዘግይቶ ነበር። ቦንጆል በነሐሴ 1837 ተያዘች። ኢማሙም በዚያው ዓመት ለድርድር ተጠርተው ቢሄዱ ተያዙና መጀመሪያ ወደ ጃቫ፣ ቀጥሎ ወደ አምቦን፣ በመጨረሻም ወደ ማናዶ ተጋዙ። በግዞት ሳሉ ያለፈውን ሁሉ የሚተርክ የሕይወት ታሪካቸውን ትተዋል። በ1864 ዐረፉ፤ ኢንዶኔዥያም በ1973 ብሔራዊ ጀግና ብላ ሰይማቸዋለች። መቃብራቸው ከእናታቸው አገር ርቆ በማናዶ አጠገብ ይገኛል።