ገቢው ሲያድግ ወጪው ያላደገ ሰው፦ ጆን ዌስሊ (1703–1791)

ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ የሚያልቅበት ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ደህና ሥራ ያላቸው፣ ወላጆቻቸው አይተውት የማያውቁትን ገንዘብ በየወሩ የሚቀበሉ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ሆኖም ኪራይ ተከፍሎ፣ ዕቁብ ተጥሎ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ተሸፍኖ፣ በየካፌው ማኪያቶ ሲጋበዙና ሲጋብዙ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳይታወቅ ያልቃል። ደመወዝ ሲጨመር ደግሞ ወጪውም አብሮ ያድጋል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር በምሳሌ ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። ምሳሌው ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ ነው፤ ዛሬ ታሪኩን የምናየው ሰው ግን በደቀ መዝሙርነቱ ምክንያት የኪሱንም ወጪ የቆጠረ ሰው ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕዳ ያስጨነቀው ቤት

ጆን ዌስሊ በ1703 በእንግሊዝ አገር ኤፕወርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሳሙኤል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። እናቱ ሱዛና ልጆቿን ቤት ውስጥ በሥርዓት የምታስተምር ብርቱ ሴት ነበረች፤ ከወለደቻቸው 19 ልጆች ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ሳሙኤል የተማረና የሚያምንበትን በግልጽ የሚናገር ሰው ቢሆንም ገንዘብ መያዝ አልሆነለትም። ጆን የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1705፣ ባልከፈለው ዕዳ ተይዞ በሊንከን ከተማ እስር ቤት ለወራት ታሰረ። ያሳሰረው ዕዳ 30 ፓውንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በ1709 ደግሞ ቤታቸው በሌሊት ተቃጠለ፤ የአምስት ዓመቱ ጆን በፎቅ መስኮት በኩል ወጥቶ ለጥቂት ተረፈ።

ጆን በ1720 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሱም ቢሆን ከአባቱ የተሻለ የገንዘብ አያያዝ አልነበረውም። ተማሪ ሳለ ዕዳ ነበረበት፤ ለእናቱ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎችም የገንዘብ ጭንቀት ይነሣ ነበር። በ1726 በኦክስፎርድ ሊንከን ኮሌጅ መምህር ሆኖ ሲመረጥ ግን ቋሚ ገቢ አገኘ፤ እጁም ፈታ አለ።

ቀጭን ልብስ የለበሰችው ልጅ

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። ዌስሊና ጓደኞቹ ከሚረዷቸው ድሆች መካከል አንዲት ልጅ በብርድ ቀን ወደ ክፍሉ መጣች። የለበሰችው ስስ ልብስ ስለነበረ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዌስሊ ሊረዳት እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ የቀረው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ዘወር ሲል ክፍሉን ለማስጌጥ ገዝቶ የሰቀላቸውን ሥዕሎች አየ፤ ለልጅቱ ልብስ ሊሆን ይችል የነበረው ገንዘብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ይህን ታሪክ ካረጀም በኋላ በስብከቱ ላይ አንሥቶታል፤ ከልቡ አልጠፋም ነበርና።

ሃያ ስምንት ፓውንድ

ከኦክስፎርድ ወጣቶች የአንዱን የአራት ዓመት ሒሳብ ዌስሊ ራሱ በኋላ ጽፎታል። ስሙን አልጠራም፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ግን ስለ ራሱ እንደተናገረ ያምናሉ። ያ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት 30 ፓውንድ አገኘ፤ በ28ቱ ኖሮ 2 ፓውንድ ለድሆች ሰጠ። በሁለተኛው ዓመት ገቢው 60 ሆነ፤ አሁንም በ28 ኖሮ 32 ሰጠ። በሦስተኛው ዓመት 90 አግኝቶ 62፣ በአራተኛው ዓመት ደግሞ 120 አግኝቶ 92 ፓውንድ ሰጠ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ኑሮውን ከገቢው ጋር አላሳደገም። የሚያስፈልገውን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ቆጠረ፤ ጣሪያም አበጀለት። ከጣሪያው በላይ የመጣው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ባለቤት ነበረው። እኛ ብዙ ጊዜ አስራት ካወጣን የቀረው ሁሉ የእኛ እንደሆነ እናስባለን። ዌስሊ ግን ሁሉም የእግዚአብሔር እንደሆነ፣ እሱ መጋቢ ብቻ እንደሆነ ያምን ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል ልስጥ የሚል ሳይሆን ምን ያህል ለራሴ ላስቀር የሚል ሆነ።

ቁጠባው በትንንሽ ነገሮችም ይታይ ነበር። የፀጉር ማስተካከያ ወጪን ለመቀነስ ፀጉሩን አሳደገ፤ የሠረገላ ኪራይን ለመተው ረጅም መንገድ በእግሩ ሄደ። በ1746 ሻይ እንኳ ተወ፤ ለጤናውም ሆነ ለወጪው ይሻላል ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ሻይ በለንደን ውድ መጠጥ ነበረ። ከብዙ ዓመት በኋላ በሐኪም ምክር ወደ ሻይ ተመልሷል።

ይሁን እንጂ ቁጠባ ለነፍሱ ሰላም አልሰጠውም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት የጾመውና የመጸወተው በእግዚአብሔር ፊት ለመጽደቅ እየታገለ ነበር። ግንቦት 24 ቀን 1738 በለንደን አልደርስጌት መንገድ በተደረገ ስብሰባ ላይ መዳን በክርስቶስ በማመን ብቻ እንደሆነ ልቡ ተረዳ። ከዚያ በኋላም በቁጠባ መኖሩን አልተወም፤ ምክንያቱ ግን ተለወጠ። ቀድሞ ለመዳን ይሰጥ የነበረው ሰው ስለ ዳነ መስጠት ጀመረ።

ሦስት ደንቦችና አንድ የብድር ሣጥን

ዌስሊ በሜዳ እየሰበከ በፈረስ አገሩን ሲዞር የሰሙት አብዛኞቹ የማዕድን ሠራተኞች፣ ሸማኔዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። እነሱን ያስተማረው ስለ ሰማይ ብቻ አልነበረም። በ1760 ባሳተመው ስለ ገንዘብ አጠቃቀም በሚናገረው ስብከቱ ሦስት ነገር አስተማረ፦ ጤናንና ባልንጀራን ሳይጎዱ በትጋት ማግኘት፣ በከንቱ ሳያባክኑ መቆጠብ፣ የራስንና የቤተ ሰብን ፍላጎት ካሟሉ በኋላ የቀረውን መስጠት። ቁጠባ ያለ ልግስና ገንዘብን ከመቅበር እንደማይለይ አስጠንቅቋል።

በ1746 በለንደን ለድሆች የብድር ገንዘብ አቋቋመ። ከአማኞች መዋጮ ተሰብስቦ፣ ለሚቸገር ሰው እስከ 20 ሺሊንግ ማለትም 1 ፓውንድ ይበደር ነበር፤ ተበዳሪውም በየሳምንቱ እየከፈለ በሦስት ወር ይጨርሳል። በዚያ ትንሽ ገንዘብ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከ250 በላይ ሰዎች ተረዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ለሚያውቅ፣ በዕቁብና በዕድር ላደገ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

መጻሕፍቱ በርካሽ ዋጋ ስለሚሸጡ እጅግ ተሠራጩ፤ ገቢውም ከጠበቀው በላይ ሆነ። በዕድሜው ሁሉ የሰጠው ገንዘብ ወደ 30,000 ፓውንድ እንደሚደርስ ይገመታል። በ1776 የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢዎች ያላስመዘገበው የብር ዕቃ ይኖረዋል ብለው ጠየቁት። መልሱ አጭር ነበር፤ በለንደን ሁለት፣ በብሪስቶል ሁለት የብር ማንኪያ እንዳለው፣ በዙሪያው ሰዎች እንጀራ አጥተው እያለም ሌላ እንደማይገዛ ገለጸላቸው።

ያልሠመረለት

ዌስሊ ፍጹም ሰው አልነበረም። በ1751 ሜሪ ቫዜይ የምትባል ባለጠጋ መበለት አገባ። ሀብቷን ለራሱ እንዳይወስድ ለእሷና ለልጆቿ በሕግ አስጸናላቸው፤ በዚህ ንጹሕ ነበር። ትዳሩ ግን አልሠመረም። ዌስሊ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበር፤ ቅናትና ጭቅጭቅም በረታ፤ በመጨረሻም ተለያዩ። ገንዘቡን በጥንቃቄ የቆጠረ ሰው ለቤቱ የሚሰጠውን ጊዜ በዚያው ጥንቃቄ አልቆጠረም። ቁጠባ ብቻውን ቤት እንደማያቆም ከዚህ እንማራለን።

ሌላው ኀዘኑ በራሱ ሕዝብ ላይ ነበር። ወንጌል የደረሳቸው ድሆች ስካርና ቁማር ተዉ፣ ሠሩ፣ ቆጠቡ፤ ስለዚህ በልጽገው ሀብታም ሆኑ። በሽምግልናው ዘመን ዌስሊ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደንቦች ጠብቀው ሦስተኛውን እንደረሱ አየ። ሀብታቸው በጨመረ መጠን ፍቅራቸው ሲቀዘቅዝ ተመለከተና በመጨረሻዎቹ ስብከቶቹ በጽኑ ገሠጻቸው።

እሱ ግን አላቆመም። በጥር 1785፣ የ81 ዓመት አዛውንት ሳለ፣ ለድሆች ልብስ መግዣ 200 ፓውንድ ለማሰባሰብ በለንደን ጎዳናዎች ለአራት ቀን እየዞረ ለመነ። ቁርጭምጭሚት በሚያሰጥም የቀለጠ በረዶ ውስጥ ነበር የሚሄደው፤ በዚሁ ምክንያትም ታመመ። በ1790 እጁ እየተንቀጠቀጠ የሒሳብ መዝገቡን ለመጨረሻ ጊዜ ዘጋ። መጋቢት 2 ቀን 1791 አረፈ። በኑዛዜው መሠረት ያለ ሠረገላና ያለ ድምቀት ስድስት ድሆች አስከሬኑን ተሸከሙ፤ ለእያንዳንዳቸውም 1 ፓውንድ ተከፈላቸው።

ለእኛ

ወገኖች ሆይ፣ ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት በእኛ ከተማ ለዓመታት በአንድ ቁጥር መኖር ለብዙዎቻችን አይቻልም፤ ልጆችና ወላጆች የምናስተዳድር ደግሞ እንደ ነጠላ ሰው ልንኖር አንችልም። አሠራሩን ግን መውሰድ እንችላለን። በዚህ ወር አንድ ደብተር እንግዛ፤ የገባውንና የወጣውን ትንሽ ትልቅ ሳንል እንጻፍ። ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ለኑሮ የሚበቃውን ይቁጠሩ፤ ጣሪያም ይበጁለት። የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ ስልክ ወይም ሶፋ ከመቀየራችን በፊት ጭማሪው ለማን እንደተላከ በጸሎት እንጠይቅ።

እንደ ዌስሊ ግድግዳችንን እንይ። ምናልባት በራችን ላይ በብርድ ለቆመች ልጅ የሚበቃ ልብስ እዚያ ተሰቅሎ ይሆናል። ጌታ ይርዳን፤ ተባረኩ።